የታየች ጨረቃና የተሰላች ጨረቃ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የቦረና ደጋ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ ይኖራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ ከደጅ መውጣት አያሻውም፤ የዓመቱን ወንበር በ11 አባዝቶ በ30 ይገድፋል፤ የተረፈው አበቅቴ ነው። የሻዕባን 29ኛ ቀን ሲመሽ ግን ሙስሊሙ ጎረቤቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ እየተመለከተ አዲሲቱን ጨረቃ በዓይኑ ይፈልጋል። አንደኛው ያሰላል፤ ሁለተኛው ያያል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በአቋራጭ ስሌት የተገኘ መልስ መቼ ዕውቀት ይባላል?

ባሕረ ሐሳብ ራሱ አቋራጭ ነው። 19 ዓመትን ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል አድርጎ ይነሣል፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ። ይህች ኢምንት ልዩነት በ3 መቶ ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሞላለች፤ ስለዚህም በዘመናችን ለፋሲካ የምትሰላው ሙሉ ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ትዘገያለች። ይህ ሊቁን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የስሌቱ እያንዳንዱ እርምጃ የተገለጠ በመሆኑ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እንደ ሆነ ማንም ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል።

የጽንፈ ዓለም ተመራማሪዎችም ዛሬ በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆመዋል። ጋላክሲዎች በስበት ኃይል እንዴት እንደ ተሰባሰቡ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስላት እጅግ ውድ ሥራ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው «ሚሌኒየም» የተባለው ስሌት ከ10 ቢሊዮን በላይ ቅንጣቶችን ይዞ በጀርመን አገር አንድ ታላቅ ኮምፒዩተርን ከአንድ ወር በላይ አሠርቷል። በ2019 ደግሞ ሸርሊ ሆ እና ባልደረቦቿ 8,000 የተሠሩ ስሌቶችን ለሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ አስጠኑት። እርግጥ እያንዳንዱ ስሌት የያዘው የዓለም ክፍል ከሚሌኒየም እጅግ ያነሰ ነበር። መረቡ ግን በዝግተኛው ዘዴ በመቶ የሚቆጠር የስሌት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ ከሰከንድ መቶኛ በሦስቱ እጅ ፈጸመው። ያልተማረውን፣ የጨለማ ቁስ መጠን የተለወጠበትን ዓለም እንኳ በትክክል ገመተ። እንዴት እንደ ቻለ ግን ሠሪዎቹም አላወቁም ነበር።

እኔን በበኩሌ የሚያሳስበኝ ፍጥነቱ አይደለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ በዚያ ለሚያስተምር የፊዚክስ መምህር የታላቅ ኮምፒዩተር አንድ ወር ማን ይሰጠዋል? አቋራጩ ግን በመጠነኛ መሣሪያ ሊሠራለት ይችላል። አትንካው ማለት ድኻን ከሰማይ መከልከል ነው። ይሁን እንጂ መረቡ የተማረው ሌሎች በውድ ዋጋ ካሰሉት ነው፤ እነርሱ በተሳሳቱበት ይሳሳታል። ስሕተቱንም እንደ 19ኙ ዓመት ዑደት በጣት ቆጥሮ ማግኘት አይቻልም።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ «የዘንድሮው አበቅቴ ስንት ነው?» ሲባል ቁጥሩን ብቻ ቢመልስ መምህሩ አያልፈውም፤ ከየት እንዳመጣው ያስቆጥረዋል። መረቡ እንዲህ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ የሚጠየቀው የተጠቀመበት ሰው ነው። ስለዚህ የመካነ ሰላሙ መምህር ከመረቡ ከተቀበላቸው መልሶች ጥቂቱን፣ በተለይም መረቡ ካልተማረበት ስፍራ የመጡትን፣ በዝግተኛው መንገድ ራሱ ማስላት አለበት፤ ያችኑ አንዲት ኮምፒዩተሩን ለሳምንታት ቢያስይዝበትም።