የውሸት ዋጋ ለተጻፈበት ውል እማኝ መሆን ይገባልን?

ቤት መግዛትና መሸጥ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ወጣቱን አይመለከተውም የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይመለከተናል እንላለን። ቤት የምንገዛበት ገንዘብ ኖሮን አይደለም፤ አብዛኞቻችን የደብተርና የኮፒ እንኳ የሚቸግረን ተማሪዎች ነን። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል ሁለት እማኞች ካልፈረሙበት አይጸናም ስለሚል፣ ገዢና ሻጭ እማኝ በፈለጉ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው መታወቂያ በያዘና ጊዜ ባለው ወጣት ላይ ነው። «ና እስቲ፣ አንድ ጊዜ ፈርምልኝና ምሳ እንበላለን» ይባላል። ይህ ጥሪ ከመካከላችን ለአንዳንዶቹ ደርሷል፤ ላልደረሰውም ይደርሰዋል። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ እውነተኛው እንዳልሆነ እያወቅን እማኝ ሆነን ብንፈርም በደለኞች ነን ወይስ አይደለንም?

በመጀመሪያ የነገሩን አካሄድ እንመልከት። በከተማችን በባሕር ዳር ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ደላላውን ነው። ዋጋው በቃል ይቆረጣል፤ ቀብድ ይሰጣል፤ ካርታው በማዘጋጃ ቤት ይጣራል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጠየቃል፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም መፈረም አለባት። በመጨረሻ ውሉ ውልና ማስረጃ በምንለው ቢሮ ቀርቦ ይፈረማል። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ተናግሯል።

ችግሩ የሚመጣው እዚሁ ቢሮ በር ላይ ነው። በደላላው ፊት 3 ሚሊዮን ብር የተባለው ቤት በቢሮው ፊት 1 ሚሊዮን ይሆናል። የቴምብር ቀረጡም ሆነ ሻጩ ካተረፈው ላይ የሚከፍለው ግብር የሚታሰበው ከዋጋው ነውና። (በ1990 ዓ.ም. የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 ለባለቤትነት ሰነድ ከመቶ 2 እንዲከፈል ደንግጓል።) ይኸው ቤት ባንክ ሲደርስ ደግሞ በተአምር ይወፍራል። ባንክ የቤቱን ዋጋ በሙሉ አያበድርም፤ ስለዚህ የራሱን ድርሻ ማሟላት ያቃተው ገዢ ዋጋውን 4 ሚሊዮን የሚያደርስ ሌላ ወረቀት ያጽፋል። እንዲህ ሲሆን አንድ ቤት ሦስት ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ለሻጩ አንድ፣ ለመንግሥት አንድ፣ ለባንክ አንድ። ባንኩ የራሱን መሐንዲስ ልኮ የሚያስገምተውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሰው ቃልና ወረቀት ምን ያህል እንደተናቀ ያሳያል።

በዚህ ጉዳይ ስንወያይ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «እማኝ የሚመሰክረው ሁለቱ ሰዎች መፈረማቸውን እንጂ የዋጋውን ልክ አይደለም» ብለዋል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኛም ለጥቂት ጊዜ አሳምኖን ነበር። ነገር ግን ሕጉ ራሱ የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተፈረመ ጽሑፍ በተፈራረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት ይጣልበታል፤ በውስጡ ያለውን ቃል በሰው ምስክር ማስተባበል አይቻልም። ይህ ማለት ዛሬ በብዕር የፈረምንበት ወረቀት ነገ በአፋችን ከምንናገረው እውነት ይበልጣል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሻጩ ወንድም «የአባቴ ውርስ ነው» ብሎ ተነሥቶ ውሉ ቢፈርስ፣ 3 ሚሊዮን የከፈለው ገዢ የያዘው የ1 ሚሊዮን ወረቀት ነው። ልጆቹን ይዞ ሲወጣ «እናንተ ነበራችሁ እኮ፣ ስንት እንደሰጠሁ ታውቃላችሁ» ቢለን ምን እንመልስለታለን? እናውቃለን፤ ነገር ግን የማናውቅ መስለን ፈርመናል።

የቀደሙት አባቶቻችን እማኝነትን እንዴት ይመለከቱት እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ የሚጻፈው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳግ ላይ ነበር፤ የሻጩና የገዢው፣ የዋሱና የእማኙ ስም በዝርዝር ይገባ ነበር። ብራናው ውድ ስለሆነ ብቻ አይመስለንም። ቅዳሴ በሚቀደስበት ቤት በተቀመጠ መጽሐፍ ላይ ሐሰት ለመጻፍ የሚደፍር ጥቂት ነውና ነው። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን ተከባ ሳለች በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቷል፤ ታሪኩ በመጽሐፉ ምዕራፍ 32 ይገኛል። ብሩን በምስክሮች ፊት በሚዛን መዘነ፤ የታተመውንና የተከፈተውን፣ ሁለት የውል ወረቀት ለባሮክ ሰጥቶ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። የዚያ ዘመን ውል ሁለት ቅጂ የነበረው አንዱ ቢነካካ ሌላው እንዲያጋልጠው ነው። የእኛ ዘመን ሁለት ወረቀት ግን አንዱ ሌላውን እንዲሸፍን የሚደረግ ነው።

ሌላው ክርክር ከዚህ የጠነከረ ነው። «በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጠ። እንግዲህ በገዛ ቦታችን ላይ ተከራይ ከሆንን ከላቡ ለሠራው ቤት ሰው ግብር ቢደብቅ ምን ኃጢአት አለበት?» ይላሉ። የኑሮውን ውድነት ለሚያውቅ ይህ ነገር ልብ ይነካል።

ነገር ግን እስቲ ወደ ጣና ዳር ወርደን የቤቶቹን ዋጋ እንጠይቅ። ግድግዳው የተንጋደደ የጭቃ ቤት ስንት ይባላል? ዋጋው የጭቃው ወይም የባሕር ዛፉ አይደለም። ሐይቁ፣ አስፋልቱና መብራቱ ናቸው ዋጋውን የሰጡት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በሕዝብ ገንዘብ ተሠራ፤ በመንገዱ ዳር ያለ ባለቤት ግን አንድ ድንጋይ ሳይጨምር የቤቱ ዋጋ ሊወጣለት ይችላል። ስለዚህ ዋጋው የሚደበቀው «ከላቤ» ተብሎ ቢሆንም አብዛኛው ጭማሪ የሁሉ ላብ ነው። የደንገል ታንኳ እየሠሩ በዚሁ ዳርቻ የኖሩት ነገደ ወይጦ ከተማው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ከውኃው ዳር ተገፍተዋል። እነርሱ በሐይቁ ዳር መኖራቸውን የሚመሰክርላቸው ካርታ አልነበራቸውም። ካርታ የደረሰው ሰው ከዳርቻው ያገኘውን ጥቅም ደብቆ «ተበድያለሁ» ሲል፣ ከሁሉ በፊት እነርሱ ፊት ቆሞ ቢናገረው እንወዳለን።

ስለ ባንኩ ብዙ አንልም። በአገራችን ወለድ አገድ የሚባል ብድር ነበር፤ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ያርሳል፣ ምርቱም በወለድ ፋንታ ይሆንለታል፣ ባለዕዳው ዋናውን ሲመልስ መሬቱ ይመለስለታል። ከባንክ በሚወሰድ ብድር ግን ባለዕዳው ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ይህ ትልቅ ምሕረት ነው። ነገር ግን በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ዋጋውን አሳብጦ የተበደረ ሰው ክፍያ ቢያቅተው ሐራጁ ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል፤ ቤቱ ሄዶ ዕዳው ይቀራል።

እውነተኛውን ዋጋ አጽፋለሁ የሚል ሰው የሚደርስበትንም መሸሸግ አይገባም። የምናውቀው አንድ መምህር አለ። ከደመወዙ፣ ከዕቁቡና ከዘመድ በተበደረው ገንዘብ ቤት ሊገዛ ተስማምቶ ሳለ ሻጩ በውሉ ላይ ሲሶው ብቻ ይጻፍ አለው። መምህሩ እንቢ አለ። «እንግዲያው የእኔንም ግብር አንተ ትከፍላለህ» ተባለ፤ አቅም አልነበረውም። በሳምንቱ ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው። መምህሩ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ዛሬም በኪራይ ቤት ነው፤ ኪራዩም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጨምሮበታል። ከእኛ ግማሾቹ «ልጆቹን ማሰብ ነበረበት» ሲሉ ግማሾቹ አመሰገኑት። በዚህ አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስልም። ልጆቹን መጠለያ ለማሳጣት የፈራ አባት ቢሸነፍ ልንፈርድበት አንችልም።

የእማኙ ነገር ግን የተለየ ነው። እርሱን ያስገደደው ችግር የለም። ከቤት አይወጣም፤ ቀብዱ አይበላበትም፤ የሚቀርበት ምሳው ነው። ገዢውን ነጻ ሊያወጣ የሚችለው የችግር ምክንያት ለእማኙ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ከሦስቱ ሰዎች ሁሉ የሚያመካኘው የሌለው እርሱ ነው ብለን ፈርደናል። በዚህም ተነሥተን ጥቂቶቻችን ከመፈረማችን በፊት ለሁለቱም ወገን «በእጅ የተሰጠው ገንዘብ ይህ የተጻፈው ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ተስማምተናል።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ጠይቋል። ሻጩ ሳቀ፤ ገዢው አንገቱን ደፋ። ደላላው ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ሌላ ወጣት ጠርቶ መጣ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊርማው ተጠናቀቀ።