የበቃኝ ልክ

ከአያት የሚነሳው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሚያበቃበት በጦር ኃይሎች ለኦንላይን ጌም ኮምፒውተር የሚያማርጥ ወጣት፣ ሳያውቀው አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የሚበቃኝ ምን ያህል ነው? አርስቶትል ለአገልግሎት የሚፈለግ ሀብት ልክ አለው፣ ለመከማቸት ብቻ የሚፈለገው ግን ማብቂያ የለውም ብሎ ነበር። ኮምፒውተርም መሣሪያ ነውና ልኩ የሚታወቀው በሥራው ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በትንሹ የሚጠይቀው 8 ጊጋባይት ራም ነው፤ ዶታ 2 ደግሞ 4። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ኤስኤስዲና ከ75 ዋት የማያልፍ ግራፊክስ ካርድ ቢገጠምለት ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈሰው ብር እስከ ጌሙ ሰርቨር ያለውን ርቀት አያሳጥርም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን መዘግየት የትኛውም ውድ ካርድ አያስቀረውም።

«ርካሽ ቶሎ ያረጃል» የሚል ይኖራል፤ ዴስክቶፕ ግን ክፍል በክፍል ይታደሳል። ጠንከር ያለው ሙግት ሌላ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ብር እየረከሰ ስለሆነ፣ ዛሬ ትልቁን መግዛት ያዋጣል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ካርድ ግን ወርቅ አይደለም፣ ሳይሠራበት ተቀምጦም ያረጃል። በሚያብረቀርቅ ሳጥን መደሰትም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ምኞትን «ያስፈልገኛል» ብሎ መጥራት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጌሙ ይመረጥ፣ ኮምፒውተሩ ይከተል።