መጽሐፍን ስለ መከልከልና ስለ መመርመር

በዲላ ከተማና በጌዴኦ አገር የምትኖሩ የተወደዳችሁ አንባብያንና ተማሮች ሆይ፤ ከክርስቲያን ወገን አንዳንዶች የማያምኑበትን መጽሐፍ ከሰው እጅ ነጥቆ ማቃጠል መልካም ሥራ ይመስላቸዋል፤ ለዚህም የኤፌሶንን ሰዎች ምስክር ያደርጋሉ። ነገር ግን የሐዋርያት ሥራን 19ኛ ምዕራፍ አስተውላችሁ ተመልከቱ፤ እነዚያ አምነው ያቃጠሉት የገዛ ራሳቸውን የጥንቆላ መጽሐፍ ነው እንጂ ወደ ጎረቤት ቤት ገብቶ የሌላውን የነጠቀ አልነበረም። የሌላውን መጽሐፍ ያቃጠለስ ንጉሡ ኢዮአቄም ነው። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ የጻፈውን ክርታስ በካራ እየቀደደ በእሳት ጣለው፤ ኤርምያስ ግን ያንኑ ቃል ዳግመኛ አስጻፈ፤ ብዙም ተጨመረበት።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ነገር ሆኗል። በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የደርግ መንግሥት ከገበያ ሰበሰበው፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያው ዘመን በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። እንግዲህ ልብ ወለዱን የነጠቀውና ጸሎት ቤቱን የዘጋው እጅ አንድ ነበረ። ስንነጠቅ ግፍ ያልነውን ስንነጥቅ ጽድቅ ብንለው፣ በሁለት ሚዛን መመዘን ይሆንብናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ በኅትመት ላይ የሚደረገውን የቅድሚያ ምርመራ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሕግ የመንግሥትን እጅ ቢይዝ፣ የአባትንና የመምህርን፣ የሰባኪንም እጅ የሚይዝ ኅሊና ነው።

«ታዲያ ክፉ መጽሐፍ የለምን?» የሚል ቢኖር፣ አለ እንላለን። ስለዚህ ነው ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉን መርምረን መልካሙን እንድንይዝ ያዘዘን፤ ያልተነበበ ግን እንዴት ይመረመራል? የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ሲለቅም ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው በጣቱ ይለያል፤ አረንጓዴ አየሁ ብሎ ግንዱን አይቆርጥም። ልጁንም መለየት የሚያስተምረው ከቡናው መካከል ይዞት በመግባት ነው እንጂ ከደጅ በማስቀረት አይደለም።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፤ ልጅህ የያዘው መጽሐፍ ቢያሳስብህ አብረኸው አንብብ፤ ስሕተቱንም በምክር አሳየው። ተማሪ ሆይ፤ ነፍስህን የሚጎዳ ሆኖ ብታገኘው የራስህን ተው፤ የባልንጀራህን ግን አትንካ። መመርመርን የሚፈራ ሐሰት ነው እንጂ እውነት አይደለምና። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።