የአቤልን ደም ማን ሰማው?

ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ይቅር ቢል የወንድሙን ደም ከንቱ አስቀረ ይባላል? «ቃሉ ይቅር በሉ ይላል» ብላችሁ ፈጥናችሁ አትለፉት። ለቅሶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ አያልቅለትም።

ደም ልመልስ ብሎ የሚነሣውን ሰው ሁልጊዜ ጭካኔ ብቻ አያነሣሣውም። «የወንድሜ ሕይወት እንደ ዋዛ መቅረት የለበትም» ይላል፤ በዚህ እውነት አለው። የሚስተው ያን ክብር በጥይት አስመልሳለሁ ሲል ነው። ገዳዩ ከታሰረ ወይም ከሸሸ፣ ዐይን የሚያርፈው በወንድሙ ወይም በአጎቱ ልጅ ላይ ነው። አንዱ በግፍ ሞተ ተብሎ ሌላው በግፍ ይሞታል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በሰሜን አልባኒያ ተራሮች «ካኑን» የሚባለው የባህል ሕግ ደም መመለስን የክብር ግዴታ አድርጎት ኖሯል። ደም የሚፈለግበት ሰው በቤቱ ውስጥ ስለማይነካ፣ ወንዶች ልጆች ሳይቀሩ ትምህርት ትተው ከደጃፍ ሳይወጡ የኖሩበት ጊዜ አለ። በአጎራባቿ ኮሶቮ ግን በ1990 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ተነሡ፤ አንቶን ቼታ ከተባሉ ምሁር ጋር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ደም የተቃቡትን ለመኑ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቂሞች በእርቅ ተዘጉ።

እኛም ገለምሶና ጭሮ ለምንኖረው ጉማ እንግዳ አይደለም። የኢቱ ኦሮሞ የጉባኤ ሥፍራ ኦዳ ቡልቱም ያለውም በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ነው። በጉማ ሽማግሌዎች መካከል ይገባሉ፤ በደሉ ይታመናል፤ የገዳይ ወገን አዋጥቶ ካሳ ይከፍላል፤ ከዚያ እርቅ ይወርዳል። ልብ በሉ፤ እውነቱ ሳይነገር እርቅ የለም። ይቅርታ በደልን መሸፋፈን የሚመስለው ሰው ከአባቶች ብዙ ይማራል።

ሆኖም ካሳው ተቆጥሮም ልብ ላያርፍ ይችላል። ዘፍጥረት 4ን አንብቡ። የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ የሰማው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ቃየንን ጠየቀው፤ ፈረደበትም። ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። ደሙን አልዘነጋም፤ በቀሉንም ለሰው እጅ አልሰጠም። እንግዲህ የሟች ክብር የተንጠለጠለው በወንድሙ ጠመንጃ ላይ አይደለም። ይህን ያመነ ሰው ይቅር ሲል ሟቹን አይከዳም፤ ጉዳዩን ለሰሚው ያስረክባል። ሕግ ፊት እውነቱን መመስከርም ከዚህ ጋር አይጣላም።

ታዲያ የእናንተ ድርሻ ምንድን ነው? በገበያም በበርጫም «ወንድ አይደለህም እንዴ?» የሚል ቃል ሲወረወር አትሳቁ፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ከዚያች ቃል በኋላ ነው። ሐዘንተኛውንም «ቶሎ ይቅር በል» ብላችሁ አታጣድፉት። አብራችሁት ተቀመጡ፤ የሟቹን ስም አንሡለት። ወንድሙ እንዳልተረሳ ያየ ሰው ጠመንጃውን ለማስቀመጥ ይቀለዋል።