ስለ ቀድሞ አሠሪ ምስክርነት

ሰው ሥራ ለቆ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ አዲሱ አሠሪ የቀድሞውን አሠሪ «ይህ ሰው እንዴት ያለ ነው?» ብሎ መጠየቁ የታወቀ ልማድ ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም፤ ገንዘቡን ወይም ልጆቹን ለማያውቀው ሰው አደራ የሚሰጥ ሁሉ መጠየቅ ይገባዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መልሱ የሚሰጥበት መንገድ ነው፤ ይኸውም ባለጉዳዩ በሌለበት፣ በስልክና በሹክሹክታ መሆኑ ነው።

ያስተማርሁት አንድ ልጅ ሦስት ዓመት በሒሳብ ያዥነት ካገለገለበት ቤት ለቀቀ። ምክንያቱም የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ጠይቆ ከአለቃው ጋር በመጣላቱ ነው። ከዚያም በሁለት ቦታ ፈተና አልፎ፣ ደመወዙ ከተነገረው በኋላ፣ «ቦታው ተይዟል» ተባለ። በሦስተኛው ቦታ አንዲት ቅን ሴት እውነቱን ነገረችው። የቀድሞ አለቃው «ገንዘብ ባይነካ ይሻላል» ብሎ ኖሯል። ጎደለ የተባለ ሒሳብ የለም፤ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ የለም፤ የቀረበ ክስ የለም።

እንዲህ ያለው ቃል ከስድብ ይከፋል። ለሰዳቢ መልስ ይሰጡታል፤ ለማይሰሙት ክስ ግን ምን መልስ አለ? አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ነበር።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዝዛል። የአለቃን ቂም ጻፉ አይልም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ስለ ስም ማጥፋት ሲናገር የሰውን መልካም ስም ብቻ ሳይሆን የወደፊት ዕድሉንም አደጋ ላይ መጣልን ይጨምራል። ይህን የጻፉ ሰዎች የእንጀራን ነገር አስበውበታል።

«ታዲያ ሌባውንም እናመስግነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። (ሰነፉን ከቤታቸው ለማስወጣት ሲሉ አወድሰው የሚሸኙ አለቆችም አሉ፤ እነርሱም ጎረቤታቸውን ያታልላሉ።) ያየኸውንና የተረጋገጠውን ተናገር፤ ነገር ግን ሰውየው አጠገብህ ቢቆም የማትለውጠውን ቃል ተናገር። ጥርጣሬ ምስክር አይደለም፤ ጠብም የጠባይ ማስረጃ አይሆንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለጌታው ለፊልሞና ሲጽፍ ሰውየው ቀድሞ የማይጠቅም እንደ ነበረ አልሸሸገም። ዕዳ ቢኖርበት ራሱ ሊከፍል ቃል ገባ፤ ሰውየውንም ራሱን መልሶ ላከው። በጨለማ የተባለ ነገር የለበትም።

ከተናጋሪው ይልቅ ጠያቂው ይበልጥ የሚወቀስ ይመስለኛል። የሰማውን ክፉ ወሬ ለአመልካቹ ገልጦ «ምን ትላለህ?» ቢለው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ቦታው ተይዟል» ማለት ግን ውሸትን በፍርድ ላይ መደረብ ነው።

አንተም ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ሥራ በምትለቅበት ቀን፣ ተጣልተህም ቢሆን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃህን ሳትይዝ አትውጣ። ቀኑን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን እዚያው ቆመህ ተመልከት።