ሚስቴን «ኮመን ሎው» ብዬ ልፈርም?



ስደት በበዛበት በዚህ ዘመን ኒካሕ ከመስጊድና ከሽማግሌዎች እጅ ወጥቶ በኢምግሬሽን መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚመረመር ጉዳይ ሆኗል። አንድ ወንድም ባለቤቱን ወዳለበት አገር ለመውሰድ ሲነሣ ፎርሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህች ሴት ለአንተ ምንህ ናት?» ብሎ ነው። ለሌላው ሰው ቀላል የሚመስለው ይህ ጥያቄ ለብዙ ሙስሊሞች የእንቅልፍ ማጣት ምክንያት ሆኖ አይቼዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ የሚኖር አንድ ወንድም ከዓመታት በፊት ካርቱም ሳለ ከአንዲት የአገሩ ልጅ ጋር ኒካሕ ያሥራል። ወሊይዋ ከደሴ ሆኖ በስልክ ውክልና ሰጠ፤ ሙሽሮቹ፣ አንድ ሸይኽና ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ መህሩ ተቆርጦ፣ በጓደኛ ቤት ቡና ተፈልቶ ጉዳዩ አለቀ። ሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው መዝገብ ቤት የሄደ የለም። ከዚያም በአንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ። በኋላ እሱ ካናዳ ገባ፤ ሲገባም ስሟን በፎርሙ ላይ አስፍሯል። እሷ ወደ አገር ቤት ተመለሰች። አሁን ሊወስዳት ሲነሣ አማካሪው «የጋብቻ ወረቀት ስለሌላችሁ በኮመን ሎው በኩል አመልክት» ይለዋል። ወንድማችን ደነገጠ። «በሐላል ያገባኋትን ሴት ያለ ጋብቻ አብራኝ የምትኖር ብዬ በመሐላ ልፈርም? ይህ ራሴን በዚና መክሰስ አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ፈትዋውን ለዑለማ እተዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ከፈትዋ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለው፤ ይኸውም ቃሉ በዚያ አገር ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2002 በሥራ ላይ የዋለው የካናዳ የኢምግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ፣ አንድ ሰው በሕግ ያገባትን ሚስቱን ብቻ ሳይሆን «ኮመን ሎው» የሚባለውን የትዳር አጋርም ስፖንሰር እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ትርጉሙም ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንደ ባልና ሚስት በአንድ ቤት አብሮ የኖረ ማለት ነው። ለዚህ የሚጠየቀው የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ በአንድ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ቃል የመሳሰለው ነው። ልብ ይሏል! ሕጉ «ኒካሕ አላሠራችሁም» ብላችሁ ማሉ አይልም። «አብራችሁ ኖራችኋል ወይ? ከመቼ እስከ መቼ? እንደ ባልና ሚስት ወይስ እንደ ደባል?» ነው የሚለው። ወንድማችን ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። በካርቱም ሦስት ዓመት ኖረዋል፤ እንደ ባልና ሚስት ኖረዋል፤ የኖሩትም በኒካሕ ነው። ይህንን የመጨረሻውን በተጨማሪ ደብዳቤ ከመጻፍ የሚከለክለው ሰው የለም፤ እንዲያውም ቢጽፈው ማስረጃውን ያጠናክርለታል። የሸይኹንና የምስክሮቹን ቃል ቢያያይዝ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመዋል።

መዝገብ ያላየው የውጭ አገር ሹም ለኒካሑ የሚሰጠው ስም በአላህ ዘንድ ያለውን ስም አይለውጠውም። ዓይነ ስውር «ፀሐይ አልወጣችም» ቢል ቀኑ አይመሽም። ደግሞስ «በወረቀት አልተጋባንም» ብሎ መሙላት ፍቺ እንዳይሆንብኝ ብሎ የሚሠጋ አለ። የፊቅህ ሰዎች ግልጽ ባልሆነ ቃል የሚመጣን ፍቺ ከኒያ ጋር አያይዘው እንደሚመለከቱት የታወቀ ነውና፣ የሚጨነቅ ሰው አዋቂ ሸይኽ ጠይቆ ይረፍ።

እንግዲህ በእኔ ዕይታ የዚህ ወንድም ፊርማ ውሸት የለበትም። ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙዎቻችንም በዚያ በኩል ስናልፍ አንደነግጥም።

ከቀላሉ ልጀምር። «ላጤ ነኝ ካልክ ቶሎ ያልቅልሃል» የሚል ምክር በስደተኛው መንደር ሁሉ ይሰማል። በካናዳ ደንብ መሠረት አንድ ሰው ቋሚ ነዋሪ ሲሆን ያላስመዘገባትና ያልተመረመረች ሚስቱን በኋላ በቤተሰብ መደብ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለስደተኞችና ለአንዳንድ ሌሎች ልዩ የምሕረት አሠራር ተጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ያ ምሕረት እንጂ መብት አይደለም። በአንዲት ቃል ምክንያት ስንት ሚስቶች፣ ስንት ልጆች አገር ቤት ቀርተዋል! «ኮመን ሎው» በሚለው ስም ሒሊናው የቆሰለው ወንድም «ላጤ» ብሎ ሲሞላ ሒሊናው የት ነበር? ሚስትን በሌላ ስም መጥራትና የለችም ማለት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው በወረቀት የሚደረግ «ጋብቻ» ነው። ሰውዬው ገንዘብ ይቀበላል፣ ወይም ዘመድ ይለምነዋል፣ ሸይኽ ይጠራል፣ ኒካሕ ይታሠራል፣ ፎቶ ይነሣሉ። «ለቪዛ ነው፣ እውነተኛ አይደለም» ይባላል። የካናዳ ደንብ በዋነኛነት የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት የተደረገን ወይም እውነተኛ ያልሆነን ጋብቻ አይቀበልም፤ ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ይከብዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኒካሕን፣ ፍቺንና የተፈታችን ሴት መመለስን በቀልድም ቢሆን የሚጸኑ ነገሮች አድርገው እንደቆጠሯቸው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ስለዚህ ሸርጡን ያሟላ ኒካሕ ያሠረ ሰው «ቀልዴን ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ሴቲቱ ሚስቱ ናት። መህር አለባት፣ ነፈቃ አለባት፣ ሳይፈታት ሌላ ብታገባ የሌላ ሰው ሚስት ነው ያገባችው። ስንት እኅት ናት «ያ እኮ ወረቀት ነው» እያለች ሁለተኛ ኒካሕ ያሠረችው? ይህን የሚያዘጋጁ ሰዎች መስጊድ ውስጥ የፊተኛው ሰፍ ላይ ሲቆሙ ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛውን ለመናገር ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 11 ቀን 2015 ጀምሮ ካናዳ ሙሽራው ወይም ሙሽራይቱ በአካል ባልተገኙበት፣ በወኪል፣ በስልክ፣ በፋክስ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለኢምግሬሽን አትቀበልም። (የራሷ ወታደሮች በግዳጅ ላይ ሆነው ካልተገኙ ግን ይፈቀድላቸዋል።) ይህ ደንብ ሲወጣ በርካታ ሙስሊሞች ተቆጥተዋል። ቁጣው መሠረት አለው። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ባሏ በሐበሻ ምድር ሞቶባት ሳለች፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው መልእክተኛ ልከው አጭተዋታል። ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ወኪሏ ሆኖ፣ መህሩን ነጃሺ ከፍሎ፣ ኒካሑ በእኛው አገር ታሥሯል። የሲራ ጸሐፊዎች መህሩ 400 ዲናር እንደነበር ይገልጻሉ። ዛሬ በዚያው ሥርዓት ያገባ የደሴ ወይም የጅማ ልጅ ኒካሑ በኢምግሬሽን ፊት አይቆጠርለትም፤ ወይ በአካል ሄዶ እንደገና ጋብቻውን መፈጸም፣ ወይ አብሮ ኖሮ በኮመን ሎው በኩል መምጣት አለበት።

ነገር ግን ቁጣችንን ከመቀጠላችን በፊት ፍትሐዊ እንሁን። ደንቡ የወጣው ልጃገረዶች ሳይጠየቁ በስልክ እንዳይዳሩ ነው። የእኛም አገር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ተጋቢዎቹ ራሳቸው ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲገልጹ ያዛል፤ በወኪል የሚፈቀደው በከባድ ምክንያትና በልዩ ፈቃድ ነው። ኡሙ ሐቢባ ራሷ ተጠይቃ፣ ራሷ ወኪሏን መርጣ ነው። የእኛ ወኪሎችስ ልጅቷን ይጠይቃሉ ወይስ ሙሽራው «ካናዳ ነው» መባሉ ብቻ ይበቃቸዋል?

ሦስተኛው ነገር ይህ ነው፤ ኒካሕን ሆን ብሎ ከመዝገብ መሸሽ። የካርቱሙ ወንድም መዝገብ ቤት ያልሄደው ፈቃድ ስለሌለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ምን ያግደናል? ከላይ የጠቀስኩት የ1992 ዓ.ም. ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ሕጋዊ ነው ይላል፤ መመዝገብ ብቻ ነው የሚቀረው። የማንመዘግብ ግን ብዙ ነን። ገሚሱ በስንፍና ነው። ገሚሱ ግን አውቆ ነው፤ በኋላ ንብረት እንዳትካፈል፣ ሌላ ፎርም ላይ እንዳትታይ፣ ቢጣሉ «ማን ነሽ?» ለማለት እንዲመች። እንዲህ ያለው ሰው ኒካሑን ሲያሥር ሐላል ፈላጊ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲቆም ግን «ሚስቴ አይደለችም» ይላል። ያን ጊዜ ያቺ ሴት «እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» የሚለውን የሕጉን ክፍል ጠቅሳ ለመከራከር ትገደዳለች፤ ለዚያውም ንብረቱ የጋራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ ነው። ሐላል ሚስት ሆና ሳለ የአብሮ ነዋሪ ጉርሻ ትለምናለች!

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በሱረቱል በቀራ ያለው ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው ነው። ለጊዜ የተበዳደሩትን ገንዘብ መጻፍና ማስመስከር ከታዘዝን፣ መርካቶ ላይ አንድ ጣቃ ጨርቅ በዱቤ ስንሰጥ ደብተር የምናወጣ ሰዎች የሴት ልጅን ዕድሜ በቃል ብቻ መውሰዳችን ምን ይባላል? መጻፍ የኒካሕ ሸርጥ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። አለመጻፉ ማንን እንደሚጎዳ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ መካከል ነገሩን ገልብጠው የሚረዱት ወጣቶችም አሉ። «አንድ ዓመት አብሮ መኖር ለቪዛ ከበቃ ኒካሑ ሲደርስ ይደርሳል» ይላሉ። ለእነዚህ ረጅም መልስ አያስፈልግም። የካናዳ ሕግ ለሁሉም ሃይማኖት የሚሠራ ደንብ ነው እንጂ ሐላልና ሐራምን ለመወሰን አልተጻፈም። ኒካሑ ይቅደም፣ ፎርሙ በፈለገው ስም ይጥራው።

አሁን ብዙም ወደማይነገረው ፊርማ ልምጣ። ስፖንሰር አድራጊው ሚስቱን የሚጠራበት ስም «ሚስት»ም ይሁን «ኮመን ሎው»፣ ከመንግሥት ጋር አንድ ውል ይገባል። እሷ ቋሚ ነዋሪ ከሆነችበት ቀን ጀምሮ ለ3 ዓመት መሠረታዊ ፍላጎቷን ሊሸፍን፣ የመንግሥት ዕርዳታ ከወሰደችም ሊከፍል። ቢፋቱም ውሉ አይፈርስም። እ.ኤ.አ. በ2011 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምንት ስፖንሰሮች ባቀረቡት ክርክር ላይ፣ መንግሥት አከፋፈሉን ሊያራዝም ቢችልም ዕዳው ግን እንደማይሰረዝ ወስኗል።

አንዳንድ ወንድሞች «ሸሪዓ የፈታኋትን ከዒዳ በኋላ እንድቀልብ አያስገድደኝም፣ ስለዚህ ይህ ግፍ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በሸሪዓ ባይገደድም በፊርማው ተገዷል። ሱረቱል ማኢዳ የሚጀምረው ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ሐራም ያልሆነ ነገር ወድዶ የፈረመ ሰው በኋላ ሸሪዓን መሸሸጊያ ሊያደርጋት አይገባም። ሴቲቱን ለማምጣት ሲል ማንም አላስገደደውም።

ከዚህ የሚከፋው ግን በውሉ መነገጃ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ካናዳ ውስጥ አዲስ የመጣች ሚስት፣ ግንኙነታቸው 2 ዓመት ካልሞላውና ልጅ ከሌላቸው፣ ለ2 ዓመት ከባሏ ጋር ካልኖረች መኖሪያዋን ልታጣ የምትችልበት ደንብ ነበር። የተሻረውም ሴቶች እየተደበደቡ አፋቸውን እንዲዘጉ ስላደረገ ነው። ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የሆነች ሴት በመፋታቷ ብቻ ከአገር አትባረርም። ግን ስንቷ ታውቃለች? «አመጣሁሽ፣ እመልስሻለሁ» የሚለው ዛቻ አሁንም በየቤቱ ይሠራል። የሚዝት ሰው ሱረቱ ኒሳእ ከባድ ቃል ኪዳን ብላ የጠራችውን ኒካሕ የባርነት ወረቀት ያደርገዋል።

ስለዚህ ልጅ የሚድሩ አባቶችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሙሽራው የየትኛው ከተማ ነዋሪ እንደሆነ፣ ምን እንደሚነዳ ትጠይቃላችሁ። ኒካሑ በሚታሠርበት መጅሊስ፣ መህሩ ሲነገር፣ ሰውዬው በውጭ አገር የሚፈርመው ውል ምን እንደሚል ለልጅቱ ጮክ ብሎ ቢነበብላት ምን ይጎድላል? ቅጂውም ከመህሯ ጋር በእጇ ይሰጣት።