ሳትለኩ «ይቀየር» አትበሉ

ልጆቼ፣ ባለፈው ወር በ15 ቂርቆስን አስቀድሼ ስመለስ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ባለ ዲኤክስ ኮፈኑን ከፍቶ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ሰማያዊ ጭስ ያሳያል። መካኒኩ የእናንተ እኩያ ነው። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ጭሱን አየና «ሞተሩ አልቋል፣ ይቀየር» አለ። ቴስታታው (የሲሊንደር ክዳኑ) አልተፈታም፤ ኮምፕረሽን እንኳ አልተለካም። ባለመኪናው አንድ ቃል ሳይናገር መሪውን እንደያዘ ቀረ።

ይህ «ይቀየር» የሚሉት ቃል አንገብግቦኛል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል እንጂ ዘይቱ በየት እንደገባ አይናገርም። በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በኩል ሊሆን ይችላል፤ በደረቀ የቫልቭ ጎማም ሊሆን ይችላል። የቫልቭ ጎማ ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነው ወይ? ሳይፈታ የፈረደ መካኒክ የሰው ገንዘብ በእጁ በትኗል፤ እግዚአብሔርም ይጠይቀዋል።

ከመፍረድ በፊት ውስጡን ማየትን ያስተማረኝ አባቴ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠመንጃ ሊገዛ ገበያ ይዞኝ ወጣ። ሻጩ ሰደፉ እንደ መስታወት የተወለወለ ቤልጅግ አቀረበለት። አባቴ ሰደፉን ዞር ብሎም አላየው። መቀርቀሪያውን አስወጣ፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጥይት ከሚጎርስበት በኩል ደግኖ ብርሃን እያስመታ፣ በአፈሙዙ በኩል አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ከዚያ እኔንም አሳየኝ። ውስጡ ያለው ጥምዝ በዝገት ተበልቷል። ጠመንጃውን መለሰለት። በኋላ የገዛው ሰደፉ በሽቦ የታሰረ፣ ውስጡ ግን የጠራ ነበር፤ እስኪሞት ከእጁ አልወጣም። አፈሙዝ ከሰፋ ጥይቱም አብሮ ይለወጣል ይለኝ ነበር። ካዛንችስ ጋራዥ ገብቼ ሙያ ስማር ያው ነገር በሲሊንደርና በፒስተን መጣልኝ። (የሰፈሩ ስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው፤ ቴስታታና ሬቲፊካ የምንላቸውም የእነሱው ቃላት ናቸው።) ዛሬ ያ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ፈርሷል፤ ሳልፍ እግሬ በልማድ ይቆማል።

አለቃችን በማይክሮሜትር ሲለካ ማንም እንዲያወራ አይፈቅድም ነበር። የዲኤክሱ ፎር ኬ ሞተር የሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በቁመትና በወርድ ትለካላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ የሚደርስበት ነው። ሬቲፊካ ወስዳችሁ ወደ 75.50 ብታስፉት ፒስተኑ ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ 76 ከደረሰ በኋላ ግን ካሚቻ (የሲሊንደር እጅጌ) ማስገባት ይመጣል። ፒስተኑን በእጃችሁ ሳትይዙ አታስበርብሩ። እኔ ወጣት ሆኜ ፒስተኑ ሳይመጣ አራቱንም አስበረበርኩ፤ የመጣው ፒስተን አልገጠመም፤ ባለመኪናው ሦስት ሳምንት በእግሩ ሄደ። ያ ሰው ምንም አልተናገረኝም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የፒስተኑ፣ የፋሻው፣ የብሮንዚኑና የሬቲፊካው ሒሳብ ተደምሮ ከሞተር ዋጋ ካለፈ፣ ሌላ ሞተር ግዙ፤ አልከለክልም። ግን ያገለገለ ሞተር ገዝታችሁ ሳትከፍቱ አትግጠሙ፤ እሱም የሌላ ሰው ሰማያዊ ጭስ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ዕቃ ለባለቤቱ መልሱ። በሰው ፊት በስልክ አታውሩ።

ደግሞም ጊዜውን አስቡ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ባለ ዲኤክሱ «አዲስ ልግዛ» ቢል ምን ይገዛል? የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የማይችለው ሰው ያችን አሮጌ ሞተር ይዞ ወደናንተ ይመጣል። እናንተ ደግሞ «ይቀየር» ትላላችሁ! በምን ይቀየር?

የባለ ዲኤክሱን ስልክ ቁጥር ተቀብያለሁ። ሰኞ ጠዋት መኪናውን ያመጣል። ከእናንተ የሚመጣ ካለ ሁለት ሰዓት ላይ ይድረስ፤ ቴስታታውን አብረን እንፈታለን፤ ማይክሮሜትሩን እኔ አመጣለሁ።